የኤሌክትሪክ ሞተር የሚስበውን አምፔር አስቀድሞ ስለ ማስላት

ለወፍጮ ቤት፣ ለእንጨት መሰንጠቂያና ለልዩ ልዩ አነስተኛ ፋብሪካ ባለቤቶች የቀረበ ትምህርት

ገንዘቡን በሥራ ላይ የሚያውል ነጋዴ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የዕቃውን ዋጋ፣ የማጓጓዣውን ኪራይና የቀረጡን ልክ አስልቶ ያውቃል። ወፍጮ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ወይም የውኃ መሳቢያ ለመትከል ሲነሣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን ዋጋና የፈረስ ጉልበቱን ብቻ ጠይቆ ይገዛል፤ ሞተሩ ከመስመሩ ላይ ስንት አምፔር እንደሚስብ ሳይጠይቅ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ አንዱ ቀጭን ሽቦ ዘርግቶ ሽቦው ይግልበታል፤ ሌላው ልኩ ያነሰ ማቋረጫ ገዝቶ ወፍጮው በየሰዓቱ እየቆመ አስፈጪዎቹ እህላቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት ወፍጮ ይሄዱበታል፤ ሦስተኛውም ሞተሩ ተቃጥሎ ለማስጠቅለያ ብዙ ገንዘብ ከመክፈሉ በላይ ሥራ ፈትቶ ይሰነብታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠልበት በፊውዙ ፈንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አስሮ የሚሠራው ነው፤ ይህ ሰው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ቤቱንና እህሉን ጭምር ለእሳት አሳልፎ ይሰጣል።

ስሌቱ ግን ከባድ አይደለም። ማባዛትና ማካፈል የሚችል ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ያዥ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል። እርግጥ ሽቦ መዘርጋትና ሞተር ማያያዝ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ሆኖም ባለቤቱ ቁጥሩን ያወቀ እንደሆነ ባለሙያው የሚያቀርብለትን የዕቃ ዝርዝር አንብቦ ሊመረምርና ገንዘቡ የት እንደሚውል ሊረዳ ይችላል።

1ኛ፤ ቮልት፣ አምፔርና ዋት

በወንዝ ዳር የሚሠራውን የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ውኃው ከቦዩ ወደ ታች የሚወርድበት ከፍታ አለ፤ በቦዩም ውስጥ የሚያልፍ የውኃ ብዛት አለ። ድንጋዩን የሚያዞረው ኃይል የሚገኘው ከሁለቱ ብዜት ነው። እንደዚሁም ሁሉ በኤሌክትሪክ መስመር ቮልት የመውረጃውን ከፍታ፣ አምፔር በሽቦው የሚያልፈውን ብዛት፣ ዋት ደግሞ የሚገኘውን ኃይል ይመስላል። ቮልት ከኢጣልያዊው ከአሌሳንድሮ ቮልታ (1745–1827)፣ አምፔር ከፈረንሳዊው ከአንድሬ ማሪ አምፔር (1775–1836)፣ ዋትም ከስኮትላንዳዊው ከጄምስ ዋት (1736–1819) ስም የተወሰዱ ናቸው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንድ ሺህ ዋት አንድ ኪሎዋት ይባላል። በገበያ የሚነገረው የፈረስ ጉልበት በእንግሊዝ ልክ 746 ዋት፣ በሌላው አውሮፓ ልክ 736 ዋት ያህል ነው። ስለዚህ ባለ 20 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተባለው 15 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

2ኛ፤ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ የሚነበበው

በማናቸውም ደኅና ሞተር ጎን ላይ አንድ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተለጥፎ ይገኛል። ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ሰሌዳ ማንበብ ይገባዋል። ለምሳሌ በአንድ የወፍጮ ሞተር ሰሌዳ ላይ 15 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ በደቂቃ 1460 ዙር፣ ብቃት 89 በመቶ፣ ፓወር ፋክተር 0.85 ተብሎ ተጽፏል እንበል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው 15 ኪሎዋት ሞተሩ በዘንጉ ለወፍጮው የሚሰጠው ኃይል ነው እንጂ ከመስመሩ የሚወስደው አይደለም። ሞተር ከተቀበለው ኃይል ከፊሉ በጥቅል ሽቦው ሙቀት፣ ከፊሉ በብረቱ ውስጥ፣ ከፊሉም በኩሽኔታውና በማራገቢያው ይባክናል። ብቃት 89 በመቶ ማለት ከተቀበለው ከመቶው 89ኙን ወደ ሥራ ይለውጣል ማለት ነው። ስለሆነም 15 ኪሎዋት ለመስጠት 15ን ለ0.89 አካፍሎ 16.85 ኪሎዋት ይወስዳል። ቆጣሪውም የሚመዘግበው ይህን ነው።

ፓወር ፋክተር የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። ሞተር በውስጡ ማግኔት ለመፍጠር ከመስመሩ ወስዶ መልሶ የሚሰጠው፣ በዘንጉ ላይ ሥራ የማይሆን አምፔር አለ። ገብስ የጫነች አህያ የገብሱን ክብደት ብቻ ሳይሆን ጆንያውንና ኮርቻውንም ጭምር እንደምትሸከም ሁሉ፣ ሽቦውም ሥራ ከሚሠራው አምፔር ጋራ ይህን ሥራ የማይሠራውን አምፔር አብሮ ይሸከማል። ፓወር ፋክተሩ ወደ 1 በቀረበ መጠን ትርፉ ሸክም ያንሳል።

3ኛ፤ የስሌቱ ደንብ

በኢትዮጵያ መስመር በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት፣ በሁለት ፌዞች መካከል ደግሞ 380 ቮልት ተብሎ ይቆጠራል፤ ድግግሞሹም 50 ኸርዝ ነው። ደንቡ ለባለ አንድ ፌዝና ለባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በጥቂቱ ይለያያል።

ለባለ አንድ ፌዝ ሞተር፦ የዘንጉን ዋት ለቮልቱ፣ ለብቃቱና ለፓወር ፋክተሩ ብዜት ማካፈል ነው።

ለባለ ሦስት ፌዝ ሞተር፦ የዘንጉን ዋት ለ1.732፣ ለቮልቱ፣ ለብቃቱና ለፓወር ፋክተሩ ብዜት ማካፈል ነው።

1.732 የተባለው ቁጥር የ3 ስኩዌር ሩት ነው። በሦስቱ ሽቦዎች የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ስለማይነሣና ስለማይወድቅ፣ ሦስቱ ተራ በተራ እየተጋገዙ ሸክሙን ስለሚካፈሉ ይህ ቁጥር ይገባል። ይህን ዓይነት ሞተር ለፋብሪካ ሥራ እንዲመች አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1889 በጀርመን አገር የሠራው ትውልዱ ሩስያዊ የነበረው ሚካኤል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ነው። ከሁለት ዓመትም በኋላ በ1891 በባለ ሦስት ፌዝ መስመር ኤሌክትሪክ ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በኤግዚቢሽን ላይ ታይቷል። ዛሬ በከተማም በገጠርም በኤሌክትሪክ የሚፈጨው ወፍጮ አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው በዚሁ ዓይነት ሞተር ነው።

አሁን ከላይ የተጠቀሰውን የወፍጮ ሞተር እንደ ደንቡ እናስላው።

1.732 ጊዜ 380 = 658.16
658.16 ጊዜ 0.89 = 585.76
585.76 ጊዜ 0.85 = 497.90
15000 ሲካፈል ለ497.90 = 30.1

እንግዲህ ይህ ሞተር ሙሉ ጭነት ሲይዝ በእያንዳንዱ ፌዝ 30 አምፔር ያህል ይስባል ማለት ነው።

ለባለ አንድ ፌዝ ሞተርም አንድ ምሳሌ እንይ። ዘንጉ 1500 ዋት የሚሰጥ፣ ብቃቱ 75 በመቶ፣ ፓወር ፋክተሩ 0.85 የሆነ የውኃ መሳቢያ ቢኖር፣ 220 ጊዜ 0.75 ጊዜ 0.85 = 140.25 ይሆናል። 1500 ለ140.25 ሲካፈል 10.7 አምፔር ይወጣል።

ወረቀትና እርሳስ በሌለበት ስፍራ ደግሞ በ380 ቮልት ለሚሠራ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ለአንድ ኪሎዋት 2 አምፔር፣ ለአንድ የፈረስ ጉልበት 1.5 አምፔር ብሎ መገመት ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ይህ ግምት ግን ለመነጋገሪያ እንጂ ለመግዣ አይሆንም።

4ኛ፤ ስሌት ያጎደለ ሰው የሚከፍለው ዋጋ

ብቃትንና ፓወር ፋክተርን ረስቶ 15000ን ለ658.16 ብቻ ያካፈለ ሰው 22.8 አምፔር ያገኛል። በዚህም ተማምኖ 25 አምፔር ማቋረጫና 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ይገዛል እንበል። ይህ ሽቦ በፕላስቲክ ተሸፍኖ በግድግዳ ላይ በተሠራ ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈቀድለት 28 አምፔር ነው፤ ባለ 6 የሆነው 36፣ ባለ 10 የሆነው 50 አምፔር ይፈቀድለታል። በ4ቱ ሽቦ ላይ 30 አምፔር ሲያልፍ ሽቦው ከልኩ በላይ ይሞቃል። ማቋረጫውም ወፍጮው ሙሉ እህል ይዞ ጥቂት እንደ ሠራ ይወርዳል። ይህን ጊዜ የሚመጣው ፈተና ማቋረጫውን በትልቅ መለወጥ ነው። ሽቦውን ሳይለውጡ ማቋረጫውን ብቻ ማሳደግ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ይቆጠራል።

ርቀትም ዋጋ አለው። ወፍጮ ቤቱ ከቆጣሪው 100 ሜትር ቢርቅና ባለ 4 የመዳብ ሽቦ ቢዘረጋ፣ 30 አምፔር ሲያልፍ በመንገድ ላይ 19 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ ይህም ከ380ው ከመቶ 5 እጅ ነው። ባለ 10 ሽቦ ቢሆን የሚጠፋው ከ8 ቮልት አይበልጥም። በመንገድ የጠፋው ቮልት ወደ ሙቀት የተለወጠ ገንዘብ ነው። በባለ 4 ሽቦ 1180 ዋት፣ በባለ 10 ሽቦ ግን 470 ዋት ያህል ይባክናል። ልዩነቱ 710 ዋት ነው። ወፍጮው በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ሙሉ ጭነት ይዞ ቢሠራ 1700 ኪሎዋት ሰዓት ያህል በከንቱ ይከፈልበታል። ስለዚህ ቀጭን ሽቦ በመግዣው ቀን ቢረክስም በየወሩ ሒሳብ ሲከፈል ይወደዳል።

5ኛ፤ ሞተሩ ሲነሣ

ከላይ የተገኘው 30 አምፔር ሞተሩ ፍጥነቱን ይዞ ሲሠራ ያለው ነው። ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ግን በቀጥታ ከመስመር ጋራ ከተገናኘ ከሙሉ አምፔሩ ከ5 እስከ 8 እጥፍ ይስባል። 6 እጥፍ ብንል 180 አምፔር ይሆናል። ይህ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ቢሆንም የጎረቤቱን መብራት ያደበዝዛል፤ ልኩን ያልጠበቀ ማቋረጫም ያወርዳል።

ለዚህ መድኃኒት ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ስታር ዴልታ የሚባለው ማስነሻ ነው። በዚህ ማስነሻ ሞተሩ መጀመሪያ በስታር ሲነሣ ከመስመሩ የሚስበው አምፔር ወደ ሢሶ ይወርዳል፤ 180ው 60 ይሆናል። ነገር ግን የማስነሻው ጉልበትም እንዲሁ ወደ ሢሶ ይወርዳል። ስለዚህ ወፍጮው እህል ይዞ ሊነሣ አይችልም፤ ባዶውን ተነሥቶ፣ ወደ ዴልታ ተሻግሮ፣ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ እህል ይጨመርበታል። ይህን ለወፍጮው ሠራተኛ ማስተማር የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ስታር ዴልታ የሚያዝ ሰው ሰሌዳውን ደግሞ ይመልከት። በሰሌዳው ላይ 380 በዴልታ፣ 660 በስታር ተብሎ የተጻፈው ሞተር በአገራችን መስመር በዚህ ማስነሻ ሊሠራ ይችላል። 220 በዴልታ፣ 380 በስታር የተባለው ግን በ380 ቮልት መስመር በስታር ብቻ ይያያዛል፤ በዴልታ ቢያያዙት ይቃጠላል።

6ኛ፤ አምፔር ከስሌቱ በላይ የሚሆንበት ምክንያት

ስሌቱ ከተሠራ በኋላ እውነቱን በመለኪያ ማረጋገጥ ይገባል። ሽቦውን ሳይቆርጡ በመንጋጋው አቅፎ አምፔር የሚያነብ ክላምፕ ሜትር የተባለ መሣሪያ አለ። ባለሙያው ወፍጮው ሙሉ እህል ይዞ ሲሠራ ሦስቱን ፌዞች በየተራ ለክቶ በመዝገብ ቢያሰፍር፣ ያ መዝገብ ለወደፊቱ ምስክር ይሆናል። በ30 ፈንታ 36 ቢነበብ ምክንያቱ መፈለግ አለበት፤ እህሉ በብዛት ይጨመር ይሆናል፣ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ ይሆናል፣ ኩሽኔታው ያለቀ ይሆናል፣ ወይም ቮልቱ ወርዶ ይሆናል።

ቮልት ሲወርድ አምፔር ይቀንሳል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። በሞተር ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ወፍጮው ያንኑ ሥራ ስለሚፈልግ ሞተሩ የጎደለውን ቮልት በአምፔር ይተካል። መስመሩ ወደ 340 ቮልት ቢወርድ 30ው አምፔር ወደ 33.5 ገደማ ይወጣል። በጥቅል ሽቦው የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ የሚያድገው በአምፔሩ ስኩዌር ስለ ሆነ ከመቶ 25 እጅ ይጨምራል። ብዙ ሞተር በምሽት፣ ሰው ሁሉ መብራትና ምጣድ በሚያበራበት ሰዓት፣ የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ የባሰው ከሦስቱ ፌዞች አንዱ የተቋረጠ እንደሆነ ነው። የሚዞር ሞተር ወዲያው አይቆምም፤ እያጉረመረመ በቀሩት ሁለት ፌዞች ይሠራል። በእነርሱም ላይ ያለው አምፔር ወደ 1.73 እጥፍ ይወጣል፤ 30ው 52 ይሆናል። ባለቤቱ ድምፁን ሰምቶ ካላጠፋው ወይም ራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ ከሌለው ጥቅሉ በጥቂት ጊዜ ይነዳል።

ስለዚህ ኦቨርሎድ የተባለው መጠበቂያ ከኮንታክተሩ ጋራ መኖሩ የግድ ነው። ማቋረጫው ሽቦውን ከድንገተኛ ግንኙነት ይጠብቃል፤ ሞተሩን የሚጠብቀው ግን ኦቨርሎዱ ነው። መጠኑም በሰሌዳው አምፔር፣ ማለት በዚህ ምሳሌ በ30 ላይ ይደረጋል። በስታር ዴልታ ማስነሻ ውስጥ ኦቨርሎዱ ከዴልታው ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠ እንደሆነ ግን የሚያልፍበት አምፔር የመስመሩ 0.58 እጅ ስለ ሆነ 17.4 ላይ ይደረጋል። ይህን ሳያውቁ 30 ላይ ያደረጉት ኦቨርሎድ ሞተሩ ሲነድ ዝም ብሎ ያያል።

7ኛ፤ ጄኔሬተር ለሚገዛ ነጋዴ

መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም ጄኔሬተር የሚገዛ ነጋዴ 15 ኪሎዋት ሞተር አለኝ ብሎ 15 ወይም 20 ቢጠይቅ ገንዘቡን ያጠፋል። ጄኔሬተር የሚሸጠው በኪሎ ቮልት አምፔር ነው። በሥራ ላይ ያለው ሞተር 1.732 ጊዜ 380 ጊዜ 30.1 = 19,800፣ ማለት 20 ኪሎ ቮልት አምፔር ያህል ይፈልጋል። በቀጥታ ሲነሣ ግን በ180 አምፔር 118 ኪሎ ቮልት አምፔር ለጥቂት ሴኮንድ ይጠይቃል። ባለ 25 ጄኔሬተር ይህን ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ገዢው የሞተሩን የሥራ አምፔር፣ የመነሻ አምፔርና የማስነሻውን ዓይነት ጽፎ ለሻጩ ማቅረብና በጽሑፍ መልስ መቀበል ይገባዋል።

8ኛ፤ ስለ ከፍታና ስለ ውጭ አገር ሞተር

በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት የተሠራ ሞተር በሰሌዳው የተጻፈውን ኃይል የሚሰጠው ከባሕር ወለል እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ስፍራ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ትገኛለች። በከፍታ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ሞተሩን እንደ ቆላው አያቀዘቅዘውም። የደጋው ብርድ ከፊሉን ቢክስም ሞተሩን እስከ መጨረሻው ልክ የሚያሠራ ነጋዴ ሻጩን ስለ ከፍታው መጠየቅና ጥቂት ትርፍ ያለው ሞተር መምረጥ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከሚገባው በላይ የገዘፈ ሞተር መግዛትም ጥፋት ነው፤ ባዶውን የሚዞር ሞተር እንኳ ከሙሉ አምፔሩ ሢሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይስባል፣ ፓወር ፋክተሩም ይወድቃል።

ከባሕር ማዶ አሮጌ ሞተር የሚያስመጣም ሰው ኸርዙን ይመርምር። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ፍጥነቱ በ6 እጅ አንድ ይቀንሳል፤ ለ380 ቮልት የተሠራ ከሆነ ደግሞ የማግኔቱ አምፔር ከፍ ብሎ ይሞቃል።

መልመጃ

አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር 7.5 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፣ ብቃት 87 በመቶ፣ ፓወር ፋክተር 0.84 ነው። (ሀ) በሙሉ ጭነት ስንት አምፔር ይስባል? (ለ) በቀጥታ ሲነሣ 6 እጥፍ ቢስብ ስንት ይሆናል? (ሐ) በስታር ዴልታ ቢነሣስ?

መልስ፦ (ሀ) 658.16 ጊዜ 0.87 ጊዜ 0.84 = 481፤ 7500 ሲካፈል ለ481 = 15.6 አምፔር። (ለ) 94 አምፔር ያህል። (ሐ) 31 አምፔር ያህል።

መልሱን ራሱ ያገኘ አንባቢ ሞተር ለመግዛት ወደ መደብር ሲሄድ አምስት ነገሮችን በወረቀት ጽፎ ይያዝ፦ የዘንጉን ኪሎዋት፣ ቮልቱንና ኸርዙን፣ ብቃቱንና ፓወር ፋክተሩን፣ ከቆጣሪው ያለውን ርቀት፣ የሚተከልበትን ስፍራ ከፍታ። ሻጩም ባለሙያውም በእነዚህ ላይ ተመሥርተው ከተነጋገሩ ሽቦው፣ ማቋረጫውና ኦቨርሎዱ ከሞተሩ ጋራ የተስማሙ ሆነው ይገዛሉ።